አጭሩ ማርሽ

ሟቹ በጋራዡ ግቢ መሬት ላይ በጀርባው ተንጋሏል። የአሮጌዋ መኪና የኋላ ጎማ ደረቱ ላይ ወጥቶ ቆሟል። ቀኝ እጁ መፍቻ እንደጨበጠ ነው። የሰፈሩ ሰው መካኒኩን ጉጠት ይለው ነበር፤ ብረትም ይሁን ሰው የያዘውን አይለቅም።

መርማሪው ሱሪው ዘይት እንዳይነካው ወደ ላይ አጥፎ ተንበረከከ።

«ማን አገኘው?»

«ሴት ልጁ» አለ ፖሊሱ። «ጓሮ ብረት እቆርጥ ነበር ትላለች። ጎማው ሥር ታኮ የምታደርገው እሷ ናት፤ ታኮው ደግሞ ግድግዳው ጋ ተጥሎ ተገኘ። የእጅ ፍሬኑ ገመድ ድሮ ተበጥሷል፤ ቦታው ደግሞ ቁልቁለት ነው። ምን ያስመረምራል ጌታዬ? ካቴና ማጥለቅ ነው የቀረን።»

መርማሪው ጋቢናውን ከፍቶ አየ። ሁለት ማርሾች አሉ። ረጅሙ አንደኛ ላይ ነው፤ አጭሩ ደግሞ ዜሮ ላይ። ከዚያ ወርዶ መሬቱን ሲያስስ፣ በዘይት በራሰው አፈር ላይ አራት ማዕዘን አሻራ አገኘ። አሁን ከመኪናዋ ሆድ ሥር ነው፤ ከመንሸራተቷ በፊት ግን የፊት ጎማዋ የነበረው እዚያ ነው።

«ማንም ምንም እንዳይነካ» አለ። «ስለ ማርሹም ለማንም ትንፍሽ እንዳትሉ።»

ልጅቷን ያነጋገራት የመሣሪያ ክፍል ውስጥ ነው። ቱታዋን አላወለቀችም፣ አላለቀሰችምም።

«ከአባትሽ ጋር ትጣሉ ነበር?»

«የማንጣላበት ቀን ነበር እንዴ? ዛሬ ጠዋት በሰው ፊት ‹ወንድ ልጅ ቢኖረኝ አንቺን መጥረጊያ አስይዝሽ ነበር› አለኝ።»

«መኪናዋ ምን ሆና መጣች?»

«ፎር ዊሏ ተጣብቆ። ፎር ዊሏን የሚያስገባው አጭሩ ማርሽ አልነቃነቅ ብሎ።»

«ለምን ይጣበቃል?»

ሳትወድ ፊቷ በራ። «ፎር ዊል ሲገባ የፊትና የኋላ ጎማ አንድ ላይ ይታሰራል። ጭቃ ላይ ጎማው ስለሚንሸራተት ምንም አይል። አስፋልት ላይ ስታዞራት ግን የፊቱና የኋላው እኩል አይሄዱም። ብረቱ ውስጥ ለውስጥ ይጠማዘዝና ማርሹን ነክሶ ይይዘዋል። ሁለት ጎረምሳ አይነቅለውም።»

«መላ የለውም?»

«አንድ ጎማ በክሪክ ማንሳት ነው። ጓ! ብሎ ይለቃል። ከዚያ በሁለት ጣት ይሄዳል።»

«አስፋልት ላይ በፎር ዊል የሚነዳት ማነው?»

«ሾፌሩ ነዋ። አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ።»

«መላውን የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ ታኮውም ያንቺ ሥራ ነው። አንገትሽን ራስሽ ገመድ ውስጥ እያስገባሽ መሆኑ ገብቶሻል?»

«የጠየቁኝን ነው የመለስኩት» አለች ልጅቷ።

ከበሩ ጀርባ እናቷ ቆማ ታዳምጥ ነበር። ይህን ስትሰማ አፏን በነጠላዋ አፈነች።

ሾፌሩ በር ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ተጣምመዋል።

«ሁለት ሰዓት ላይ መኪናዋን አስረክቤ ሄድኩ» አለ። «ከዚያ ወዲህ ግቢውን አልረገጥኩም።»

«አጭሩ ማርሽስ?»

«በእግሬ ብደግፍ፣ በሁለት እጄ ብጎትት፣ ወይ ፍንክች!»

«ጣትህን ምን ነካው?»

ሳቀ። «ጋሼ ነው። መንዳት ሲያስተምረኝ ማርሽ በተሳሳትኩ ቁጥር በመፍቻ ይለኝ ነበር። ትምህርቱ ገብቶኛል።»

የመኪናዋ ባለቤት የእንጨት መሰንጠቂያ ያለው ወፍራም ሰውዬ ነው። «ያበላሸው ሾፌሩ ከሆነ ዛሬውኑ ይባረራል ብዬው ነበር» አለ። «ጉጠት ምን አለኝ መሰለህ? ‹መጀመሪያ በሠራተኞችህ ፊት አንበርክኬ አስለፈልፈዋለሁ። ከዚያ ወዲያ መሪ የሚያስይዘው ካለ አያለሁ።› ወንድሙን እኮ ነው! ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።»

ከሟቹ ኪስ የተጨማደዱ የደብተር ቅጠሎች ወጡ። በግሪስ ቢጨማለቁም ጽሑፉ ይነበባል። በትልልቅ፣ በተንጋደዱ ፊደሎች «ልጄ ጎበዝ ናት» የሚል ሃያ ጊዜ ተጽፎባቸዋል።

«ደብተሩ የማን ነው?»

«የኔ ነው» አለች ሚስቱ። «የጎልማሶች ትምህርት ጀምሬ... እየገነጠለ እጁን ይጠርግበት ነበር። ‹ለዚህ ነው የሚሆነው› እያለ።» «እኔ ነኝ የገደልኩት። ልጄን ተዋት። እኔ ነኝ!»

«ደግ» አለ መርማሪው ሳይደነቅ። «ነገ ያሳዩናል።»

በማግስቱ ጠዋት አራቱም መኪናዋ ዙሪያ ተሰበሰቡ። መኪናዋ አሁን ደልዳላው ላይ ናት፤ አራቱም ጎማዎቿ ታኮ ተደርጎላቸዋል።

«አንድ ነገር ብቻ ላስቸግራችሁ» አለ መርማሪው። «በተራ እየገባችሁ አጭሩን ማርሽ ዜሮ አድርጉልኝ። እርስዎ ይቅደሙ፣ እናት።»

እናትየው ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። ረጅሙን ማርሽ ያዘችና ግራ ቀኝ አወዛወዘችው።

«ያ ረጅሙ ነው እናቴ። ሰው ገደልኩ የሚል ሰው ቢያንስ በምን እንደገደለ ያውቃል። ይውረዱ።»

ሾፌሩ ሳቁን በሳል ሸፈነ። እናትየው አንገቷን ደፍታ ወረደች።

ባለቤቱ ገባ። እግሩን ደግፎ በሁለት እጁ ጎተተ፤ ፊቱ በርበሬ መሰለ፤ ማርሹ ንቅንቅ አላለም። ልጅቷም ገብታ ጉልበቷን ደግፋ በሁለት እጇ ታገለች። «ያው እንደመጣ ነው፤ ተይዟል» ብላ ወረደች።

ሾፌሩ የመጨረሻው ነበር። ዘና ብሎ ተቀመጠ። የተጣመሙ ሁለት ጣቶቹን ዘርግቶ ማርሹን በቀስታ ሳብ አደረገው። አልሄደም። እንደገና ሳበው። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ተፈቶ ነበር እኮ!» አለ።



«ማን ነገረህ?» አለ መርማሪው።

«ልጅቷ... ልጅቷ የፈታችው መሰለኝ።»

«እሷ ሁለት እጇን ነው የሰነዘረችው፤ መፈታቱን አታውቅም ነበር። ትናንት ተይዞ አስረክበሃል፤ ከዚያ ወዲህ ግቢውን አልረገጥክም። ዛሬ ንጋት ላይ የእኛ ሾፌር አስፋልት ላይ በፎር ዊል አዙሯት መልሶ እንዲያዝ አደረገ። ከእኛ ሌላ በመሃል መፈታቱን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ሞቷል።»

ወደ መሬቱ ጠቆመ። «ይህ የክሪክ አሻራ ነው። ጉጠት የፊት ጎማውን አነሳ፤ ብረቱ ለቀቀ። ማርሹን ጋቢና ሆኖ የሚሞክርለት ሰው ፈለገ፤ ከውጭ አንተን ጠራህ። በሁለት ጣት ሲሄድልህ ማርሹ አለመሰበሩ፣ አስፋልት ላይ በፎር ዊል በመንዳትህ መያዙ ታወቀ፤ ጥፋቱ ያንተ ሆነ። ጉጠት ማርሹን ፎር ዊል ላይ መለሰው፣ ጎማውን አወረደ፣ ዘንጉን ሊያይ ከሥር ገባ። ታኮ ብቻውን ቢነሳ መኪናዋ አትሄድም፤ አንደኛ ማርሽ ይይዛታል። አጭሩ ዜሮ ሲገባ ግን አንደኛው ከጎማ ጋር ይለያያል፤ የሚይዛት የለም። ታኮውን ወረወርክ፣ ጋቢና ገባህ፣ ልጅቷ የምትቆርጠው ብረት ጩኸት የሱን ጩኸት ዋጠው። ከዚያ ሰው ሁሉ የወንድምህን ልጅ ሲጠረጥር ዝም አልክ።»

ሾፌሩ ጣቶቹን አየ። «ስሜን እንኳ አልጠራም» አለ። «ከሥር ሆኖ ‹አንተ ጎባጣ፣ ነገ በሰው ፊት ትንበረከካለህ› አለኝ። እየሳቀ ነበር። እስከ መጨረሻው ድረስ እየሳቀ ነበር።»

ካቴናው ሲጠልቅ እናትየው ልጇን ልታቅፍ እጆቿን ዘረጋች። ልጅቷ ወደ ኋላ አለች።

«እማዬ፣ ለምን እኔ ነኝ አልሽ?»

«ላድንሽ ብዬ ነዋ ልጄ!»

«ከምን? ምንም ያላደረገ ሰው ከምን ይድናል?» እናቷን አፍጥጣ አየቻት። «ገድላዋለች ብለሽ አምነሻል።»

እናትየው የዘረጋቻቸውን እጆች አወረደች። መርማሪው የተጨማደዱትን ቅጠሎች አጣጥፎ መዳፏ ውስጥ አኖረላትና ሄደ።

ከወር በኋላ ፖሊስ መኪናዋን ለቀቃት። ሥራው ሳያልቅ ስለቀረ ወደዚያው ጋራዥ ተመለሰች። ልጅቷ የፊት ጎማውን በክሪክ አነሳች። ጓ! አለ። እናትየው በርግጋ ደብተሯን ጣለች። ልጅቷ ማርሹን በሁለት ጣት ሞከረችና ጎማውን አወረደችው።

«እማዬ፣ ታኮ አድርጊልኝ።»

እናትየው ሮጣ ታኮውን አመጣች። ከጎማው ሥር በሁለት እጇ ወተፈችው፣ በእግሯም ረገጠችው። «በደንብ ነው ያደረግኩት ልጄ» አለች።

ልጅቷ መኪናዋ ሥር ገብታ ተጋደመች። ትንሽ ቆይታ ተመልሳ ወጣች። ጎንበስ አለችና ታኮውን በገዛ እጇ ነቅንቃ አየችው። ከዚያ እንደገና ገባች።