ነጭ ዶቃ የማትነካው ሴት

ንካንዱ ሙቢታን መጀመሪያ ያየችው አግዳሚ ወንበር ላይ ቆማ ነው።

የስፌት መኪና ሊጠግን በጀልባ የመጣው ሰውዬ፣ ገና ከበሩ ሲገባ በመሣሪያ ሳጥኑ የዶቃውን ትሪ ገጨው። ነጩ ዶቃ የሚሲዮኑን የእጅ ሥራ ቤት ወለል ሞላው። ሴቶቹ እየተሳሳቁ ለቀማ ያዙ። እሷ ብቻ ቀሚሷን ሰብስባ ወንበሩ ላይ ወጣች።

«እሜቴ፣ ዶቃ ይናከሳል እንዴ?» አላት ሙቢታ ሽቅብ እያየ።

የሳቀለት የለም። ለቅሶ ቤት እንኳ ቀልድ የማታጣው ባልንጀራዋ ባና ቺሴንጋ አንገቷን ደፋች።

«አንተ ሥራህን ሥራ!» አለችው ንካንዱ። ሰውዬው አፍሮ ተንበረከከና ለቀማው ውስጥ ገባ። እሷም የመጨረሻዋ ፍሬ እስክትነሳ ድረስ አልወረደችም።

ሙቢታ ከአገሪቱ ምዕራብ የመጣ ሰው ነው፤ የዚህን የባንግዌዉሉ ሐይቅ ደሴት ወግ ከየት ያውቀዋል? ሐይቁ የንካንዱን ባል፣ ቾላን፣ ከወሰደው ሦስት ዓመት ሆኖታል። ታንኳው ተገልብጦ ተገኘ፤ ሬሳው ግን አልተገኘም። በዚያ አገር ባሏ የሞተባት ሴት ከሟቹ የምትፈታው የባሏ ወገን እጇ ላይ ነጭ ዶቃ ሲያስርላት ነው። እስከዚያ ድረስ ነጭ ዶቃ አትነካም፣ የሟቹም መንፈስ ከእሷ ጋር ይኖራል፤ የወደዳት ወንድ ደግሞ ወዮለት! የቾላ እናት ግን «ሬሳውን ሳላይ ልጄን አልቀብርም» ብላ ዶቃውን ከለከለች። መጠሪያዋ ራሱ ባና ቾላ ነው፤ «የቾላ እናት» ማለት ነው።

ቾላ ዓሣ አጥምዶ ሲመለስ ያፏጭ ነበር። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። አሁንም ጀንበር ስታዘቀዝቅ ንካንዱ ያንን ፉጨት ከሸምበቆው ውስጥ ትሰማዋለች። በሰማች ቁጥርም ሳታስበው ሁለት ሳህን ታወጣለች።

ሲስተር ብሪጂት ይህን አታውቅም። ከአየርላንድ መጥታ ሠላሳ ዓመት የደሴቲቱን ሴቶች ስፌትና የዶቃ ሥራ ስታስተምር የኖረች መነኩሲት ናት። በሚሲዮኑ ግቢ ስለ ሙት መንፈስ አይወራም፤ ሁሉም እዚያ «አሜን» ይላል፣ ቤቱ ሲገባ የቤቱን ያደርጋል። ሲስተር «ለምንድን ነው በቀይና በጥቁር ብቻ የምትሠሪው?» ባለቻት ቁጥር፣ ንካንዱ «ነጭ ቶሎ ይቆሽሻል» ብላ ታልፋለች።

ሙቢታ የሁለት ቀን ሥራ ያለውን ሁለት ወር አደረሰው።

«ይቺ መኪና ዛሬም አመሏ ተነሳ» ይላል፣ ዓይኑ ንካንዱ ላይ።

«የተበላሸችው መኪናዋ ናት ወይስ አንተ?» አለችው አንድ ቀን ባና ቺሴንጋ። «የራስህን ብሎን ፈታ አድርግና እንይልህ!»

ንካንዱ ሳቀች። የራሷን ሳቅ ከሦስት ዓመት በኋላ ስትሰማው ደነገጠች። ይህ ሰው ልቧ ውስጥ መግባቱን ያወቀችው ያኔ ነው፤ ያወቀችውን ያህልም ፈራችለት።

አንድ ቀን ሌሎቹ ወጥተው ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

«ንካንዱ... ወድጄሻለሁ።»

«አትውደደኝ።»

«ሌላ ሰው አለሽ?»

ጀንበሯ ሐይቁ ላይ ደርሳ ነበር። ከሸምበቆው ፉጨቱ መጣ። ሁለት አጭር... አንድ ረጅም።

«አለኝ» አለች።

ሙቢታ የያዘውን ክር ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «እንግዲያው በእሑዱ ጀልባ እሄዳለሁ» አለና ወጣ። ልትጠራው በሩ ድረስ ሄደች፤ ከዚያ ሐይቁን አየችና ተመለሰች።

እሑድ የተማሪዎቹ ምረቃ ነበር። ሲስተር ብሪጂት ከመሠዊያው ፊት ቆማ «አንደኛ፣ ንካንዱ!» አለች። ከኪሷም በገዛ እጇ የሠራችውን ሽልማት አወጣች፤ ነጭ የዶቃ አምባር። ንካንዱ እጇን ከመሰብሰቧ በፊት አሰረችላት።

ከቤተ ክርስቲያኑ ኋላ አንዲት ሴት ጮኸች!

«ምን አጠፋሁ?» አለች ሲስተር ፊቷ ቀልቶ።

ባና ቺሴንጋ ተነሳች። «ሲስተር፣ ባሏ ለሞተባት ሴት ነጭ ዶቃ የሚያስርላት የሟች ወገን ነው። ባዕድ እጅ ካሰረው ሟቹን ማስቆጣት ነው። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደበቅንዎት።»

ሙቢታ ሳጥኑን እንደያዘ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ሰማ። ንካንዱ ስትወጣ መንገዷ ላይ ቆመ።

«አለኝ ያልሽኝ... ሙት ነው?»

«በየምሽቱ ይመጣል። አንተንም እንዲወስድብኝ አልፈልግም! ሂድ፣ ጀልባዋ ታመልጥሃለች።»

«ታምልጠኝ» አለ፣ ሳጥኑንም መሬት ላይ አስቀመጠ።

ሲስተር እንባዋን እየጠረገች ደረሰችባቸው። «ልጄ፣ አብሬሽ ልምጣና እናቱን ይቅርታ ልጠይቅ።»

«አይ፣ ሲስተር። ይሄ የእኔ ነው።»

ባና ቾላ ደጇ ላይ ካሳቫ ትልጥ ነበር። አምባሩን ስታይ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«ማን አሰረልሽ?»

«ያላወቀ እጅ ነው፣ እማማ። እርስዎ እንዲበጥሱት መጣሁ።»

አሮጊቷ በጥርሷ በጠሰችው። ዶቃው አቧራው ላይ ተበተነ። ንካንዱ የጠበቀችው እርግማን ነበር፤ የመጣው ግን ልቅሶ ነው።

«ይህን ባስርልሽ እኔ ማን ልባል? ቾላ ከሌለ የማን እናት ነኝ?»

ንካንዱ አጠገቧ ቁጭ አለች። «እስከ ዕለተ ሞትዎ ባና ቾላ ነዎት። ይህን ስም ማን ይወስድብዎታል? ደግሞ... ፉጨቱን እሰማዋለሁ፣ እማማ።»

ባና ቾላ ቀና አለች። «ሁለት አጭር...»

«...አንድ ረጅም።»

«እኔ ብቻ የምሰማው መስሎኝ!» አለች አሮጊቷ። ተቃቅፈው ተንሰቀሰቁ።

«ደክሞታል» አለች በመጨረሻ። «ሦስት ዓመት ደጅ ያቆምነው እኛ ነን።»

«አይዞሽ፣ እኔ ፈቅጃለሁ» አለቻትና ዶቃውን አብረው ለቀሙ። የአሮጊቷ እጅ ዶቃ መስካት አልለመደም። ንካንዱ ክሩን እንዴት ሰም እንደምትቀባው፣ ዶቃውን ጨርቅ ላይ ዘርግታ በመርፌ ጫፍ እንዴት እንደምታነሳው አሳየቻት፤ ሲስተር እሷን እንዳሳየቻት። አንዲት ፍሬ እንኳ አልሰካችላትም። መስካት ያለበት የሟች ወገን እጅ ነው። አሮጊቷ ዶቃው አሥር ጊዜ ወደቀባት፣ አሥር ጊዜ አነሳችው።

«እጅሽን አምጪ» አለች ባና ቾላ። ስታስር ዓይኗ ሐይቁ ላይ ነበር። «ቾላ፣ ልጄ... ልቀቃት። አንተም እረፍ።»

ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ ማዶ አየች። «ያ ዛፍ ሥር የተገተረው ረጅም ማነው?»

«ጠጋኝ ነው፣ እማማ።»

«ጠጋኝ ከሆነ ምን ይገተራል? ይምጣ፤ የቤቴ በር ማጠፊያ ተሰብሯል!»

ሠርጋቸው ላይ ባና ቾላ የተቀመጠችው ከሙሽራዋ ወገን ነው። በማግሥቱ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ንካንዱ ሁለት ሳህን አውጥታ በሩ ላይ ቆመች። ነፋሱ ሸምበቆውን አወዛወዘው። ዓሣ አጥማጆች ከሩቅ ተጣሩ። ሌላ ድምፅ አልመጣም።

«ምን ትሰሚያለሽ?» አላት ሙቢታ።

«ምንም» አለች። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ምንም አልሰማም፣ ሙቢታ።»

አታልቅሺ አላላትም። ሳህኖቹን ከእጇ ተቀብሎ አጠገቧ ቆመ። አልቅሳ እስኪወጣላት ድረስ ራቱ ቀዘቀዘ።