የጋለ ፍሬን

ያ ክረምት ክፉ ነበር። ዝናቡ የእሽቅድምድሙን ሜዳ ዋጠው፤ ተመልካች ቀረ፤ ሠራተኛ ተበተነ። ሲያባራ ባለሜዳው ሰው ለመሳብ አንድ ዘዴ ቀየሰ፦ የውድድር መኪናና የዘወትር የቤት መኪና በአንድ ሜዳ ይፈተኑ። የውድድሯን «ነፋሱ» የሚሉት ሾፌር፣ የቤቷን የእህቱ ባል ሊነዱ ተስማሙ። የጠዋቱ ልምምድ በደህና አለፈ። ከምሳ በኋላ ግን ነፋሱን የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ፍሬኑ ከዳው። ከሜዳው ግንብ ጋር ተላትሞ ሞተ።

መርማሪዋ ሟቹ የተሸፈነበትን ብርድ ልብስ ገለጥ አድርጋ ፊቱን አየችና መልሳ ሸፈነችው። ከዓመታት በፊት ጎርፍ ከወሰዳት መኪና መስታወት ሰብሮ ያወጣት እሱ ነው። «ውለታህን በምን ልክፈል?» ብትለው፣ «እኔን ተዪኝ፤ እህቴን የቸገራት ቀን ድረሺላት» ብሎ ስቆ ነበር።

ፖሊሶቹ ሽማግሌውን መካኒክ በካቴና አስረውታል። የፍሬኑ ቧንቧ ማሰሪያ በመፍቻ ላልቷል፤ መፍቻው የእሱ ነው።

«ጋሼ፣ ከልምምዱ በኋላ መኪናዋን የት አቆማችኋት?»

«ጋራዡ ውስጥ። እኔው ጎማዋ ሥር ታኮ አድርጌ ለምሳ ወጣን።»

«ነፋሱ ሲመለስ ምን አለ?»

«ተቆጣኝ! ‹አንተ ሽማግሌ፣ የእጅ ፍሬኑን ማን ሳበው? ጃጀህ እንዴ?› አለኝ። ቀልዱን መስሎኝ ሳቅሁ።» እንባው መጣ። «የጋለ ፍሬን ላይ የእጅ ፍሬን አይሳብም፣ ልጄ። የፍሬኑ ሸራ ዲስኩ ላይ ይጣበቃል። ታኮውስ ለምን ሆነና!»

መርማሪዋ ወደ ጋራዡ የተጎተተችውን የውድድር መኪና የኋላ ጎማ ጎንበስ ብላ አየች። ዲስኩ ላይ የሸራው ቅርጽ እንደ ማኅተም ታትሟል። ከዚያ የቤት መኪናዋን ዞራ አየቻት።

የሟች እህት ጋራዡ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። የበለዘ አንጓዋን ለመሸፈን እጅጌዋን እስከ ጣቷ ስባዋለች። ባሏ ከኋላዋ ቆሞ ትከሻዋን ይዟል።

«ወንድሜ ዛሬ ማታ ከቤት ይዞኝ ሊወጣ ነበር» አለች፣ ድምፅዋ እየሰለለ።

«ሐዘኑ ነው የሚያናግራት» አለ ባሏ። «ተነሺ፣ ቤት እንግባ።»

መርማሪዋ የጋራዡን በር ዘጋችው።

«ማንም አይወጣም። ቧንቧውን ያላላው ሰው የፍሬኑ ፔዳል ልል ሆኖ እንዳያስነቃበት መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ረግጦ ሞክሯል። ሲወጣ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ ፍሬኑ ገና እንደጋለ። መካኒኩ ይህን አያደርግም፤ ዕድሜውን ሙሉ ታኮ ሲያደርግ ኖሯል። ባለሜዳው ደግሞ...»

«እኔ መሪ ጨብጬም አላውቅ!» አለ በሩ አጠገብ የቆመው ባለሜዳ። «ብስክሌት እንኳ ይጥለኛል።»

«ከመኪና በወረደ ቁጥር የእጅ ፍሬን የሚስብ የዘወትር ሾፌር ነው። እጅ የለመደውን አይተውም።»

«እኔ እዚያች መኪና ውስጥ ዝር አላልኩም!» አለ ባልየው።

«የነዷት የቤት መኪና በር ላይ ቀለሙ በአራት ጣት ልክ ተልጧል። ጋሼ፣ ጠዋት ደህና ነበር?»

«እኔው ነኝ የወለወልኳት» አለ መካኒኩ። «እንደ መስታወት ነበረች። ቀለም እንዲህ የሚልጥ የፍሬን ዘይት ነው።»

«በሩን ከእርስዎ በቀር ማን ከፈተው?»

ባልየው መዳፉን ወደ ኪሱ ሰደደ። ከዚያ ጮኸ፦ «ሚስቴን ሊቀማኝ! በገዛ ቤቴ!»

ካቴናው ከሽማግሌው እጅ ወደ እሱ ዞረ። ሲወስዱት እህትየው ከመቀመጫዋ አልተነሳችም።

«አሁን የት እገባለሁ?» አለች።

መርማሪዋ ኮቷን አውልቃ ደረበችላት።

«እኔ ቤት። ነይ፣ እህቴ። ወንድምሽ ያኔ እኔን ከጎርፉ ሲያወጣ ከፍሎልሻል።»