የተሰነጠቀው ቀንድ አውጣ

«ከባሕር ዳር ከተማ ነው ያስመጣነው» አለች ሉሊት።

ፍሬህይወት ቀና ብላ አየቻት። ከባሕር ዳር? ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ሁለት የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊቶች ከመንደራቸው ከቁሐር ሚካኤል ጭቃ ያበጀቻቸው የራሷ እናት አልጣሽ ናት። ሳይደርቁ በሲባጎ ለሁለት የሰነጠቀቻቸውም፣ በሩዝ ገለባ የተኮሰቻቸውም እሷው ናት።

የሳይንስ ኤግዚቢሽኑ ዳኛ መምህር ገሰሰ አንደኛውን አንስተው አገላበጡት። «ድንቅ ነው! ግን በውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። ለምን ለየብቻ መደባችኋቸው?»

ሉሊት ወደ ፍሬህይወት ዞረች። አጥንታ አልመጣችም።

«ውስጣቸውን ይዩት» አለች ፍሬህይወት። «ይኼ ኔሪኔያ ይባላል። ዘሩ ከጠፋ ቆይቷል፤ አሁን የሚገኘው የኖራ ድንጋይ ውስጥ ነው። መሐል ያለው ምሰሶ ላይ ሸንተረር አለው፣ ግድግዳው ላይም። ያኛው ልሙጥ ነው። መልካቸውን ብቻ አይቶ የመደባቸው ሰው ይሳሳታል። ተቆርጦ ካልታየ ወገኑ አይታወቅም።»

«ጎበዝ! ይኼማ ለክልል ውድድር መሄድ ያለበት ነው» አሉ መምህሩ።

ሉሊት በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። «ያሸንፋል አላልኩሽም?» አለች በሹክሹክታ። «አቦ፣ ዝም በይ ብቻ። የሸክላ ሠሪ እጅ ነው ካልን ማን ይነካዋል?»

ድምፅዋ ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ የባሰው እሱ ነው። ጓደኛዋ ናት። የሉሊት ቤት ወጥ የሚሠራው በአልጣሽ ድስት ነው። አልጣሽ ግን ለገበያ ወረታ ስትመጣ እዚያ ቤት ውኃ የምትጠጣው ደጅ ቆማ ነው፤ ጣሳዋም ለብቻ ነው። ድስቱን ይወዳሉ፣ የሠራውን እጅ ይጸየፋሉ። ይህንንም ባህል ይሉታል።

መምህር ገሰሰ ብዕራቸውን አወጡ። «ባሕር ዳር ማን ሠራላችሁ?»

«አንድ… አርቲስት» አለች ሉሊት።

«እናቴ ናት» አለች ፍሬህይወት። «ሸክላ ሠሪ ናት። እዚሁ ቁሐር ሚካኤል።»

መምህሩ ቅርፊቱን ቀስ ብለው አስቀመጡት። ጣቶቻቸውን በጋዋናቸው ጠረጉ። ምናልባት ሳያስቡት ይሆናል፤ ግን ጠረጉ። ብዕሩም ሳይጽፍ ወደ ኪሳቸው ተመለሰ።

«እ… ጥሩ ነው። እናያለን» ብለው ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፉ።

«አበላሸሽው!» አለች ሉሊት። «ምን ነበረበት ዝም ብትዪ?»

ፍሬህይወት፣ ሉሊት ጠዋት የለጠፈችውን «መንካት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ላጥ አድርጋ አነሳችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ቅርፊቶቹን እጅ ወደሚደርስበት፣ ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ገፋ አደረገቻቸውና ቀጣዩን ሰው ጠበቀች።