ያልተሰማው ግማሽ

ምሁሩ ከመድረኩ ጀርባ ባለችው የእንግዳ ክፍል ወለል ላይ በጀርባቸው ተዘርግተዋል። ጭንቅላታቸው ከጠረጴዛው ጠርዝ ተጋጭቶ ተፈንክቷል። አዳራሹ ውስጥ ሕዝቡ ስለ ሥራ አመራር ጥናታቸው ሊሰማ ተቀምጦ ይጠብቃል።

መርማሪዋ ጥናቱን በቤተሰብ ነው የምታውቀው። ታናሽ እህቷ የምትሠራበት ፋብሪካ «ረጅም ፈረቃ ምርት ይጨምራል» የሚለውን ሰምቶ ፈረቃውን ካስረዘመ ወዲህ የልጅቱን ጣት የስፌት መኪና በልቶታል። ዛሬም እዚያው ፈረቃ ላይ ናት።

«ዛሬ እኮ ሊያስተካክለው ነበር የመጣው» አሉ የሟች ባለቤት። «ጭማሪው ለመጀመሪያው ወር ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰው ይዝላል፣ ይጎዳል። ጽፎታል እኮ! ማን አንብቦለት? ሕዝቡ የሚያውቀው የተናጋሪውን መጽሐፍ ነው።»

ተናጋሪው የምሁራንን ጥናት እያቀለለ በሬዲዮና በመድረክ የሚያቀርብ፣ ምላሱ የሰላ ሰው ነው። ወደ ክፍሏ የገቡት እሱ፣ ባለቤቲቱና የመርማሪዋ እህት የምትሠራበት ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ብቻ ናቸው። የድምፅ ባለሙያው ፎቅ ላይ ከባልደረቦቹ ጋር ነበር።

«ማይኩን እኔው አስሬ፣ ከፍቼላቸው ወጣሁ» አለ ባለሙያው። «ላይ ሆኜ ሲያስሉ እሰማቸው ነበር። በሩ ሲከፈት ግን ወዲያው ጭጭ አለ።»

«ራሳቸው ዘግተውት ይሆን?» አለች መርማሪዋ።

«በምን እጁ?» አሉ ባለቤቲቱ። «ትከሻውን ከታመመ ወዲህ ሸሚዙን ከኋላ የማስገባለት እኔ ነኝ።»

የማይኩ ፍሬ ኮሌታ ላይ ይሰካል፤ ማብሪያው ያለበት ሳጥን ከጀርባ ቀበቶ ላይ ይንጠለጠላል። መርማሪዋ ቃላቸው እንዲቀረጽ ብላ ለሦስቱም እንዲህ ያለ ማይክ አስገጥማ ለየብቻ አነጋገረቻቸው።

ሥራ አስኪያጁ ፍሬዋን በጡጫው ጨበጠና «በመካከላችን ይቅር» አለ። «አደባባይ አያውጡን ብዬ ለምኛቸዋለሁ።»

ባለቤቲቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ ባላቸው እንቅልፍ ማጣት አወሩ።

ተናጋሪው ወንበሩን አስጠጋ። «ይህ ለእርስዎ ጆሮ ብቻ ነው» አለ፤ አንድ እጁ ኮቱ ስር ወደ ኋላ ደርሳ ተመለሰች። «ባልና ሚስቱ ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ።»

መርማሪዋ ሁሉንም እንግዳ ክፍሏ ውስጥ ሰበሰበች።

«ገዳዩ ከሟች ጋር በምስጢር ሊነጋገር ገባ፤ መጀመሪያ ማይኩን ዘጋ። የት እንደሚዘጋ የሚያውቅ ሰው ነው ማለት ነው። እርስዎ» አለች ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞራ፣ «ፍሬዋን ሲጨብጡ የዘጉት መስሎዎታል፤ ፎቅ ላይ ግን ሁሉም ተሰምቷል። እትዬም ተሰምተዋል።» ሥራ አስኪያጁ አቀረቀረ። «የአንድ ሰው ቃል ግን ከመሃል ተቋርጧል። ምስጢር ሊያወራ ሲል ማይክ መዝጋት ልማዱ ስለሆነ መዝጋቱን ራሱም አያውቅም።»

የተናጋሪው እጅ ወደ ጀርባው ሄደች። የሳጥኗ ማብሪያ ተዘግቷል።

«‹ግማሹን ብቻ ነው የነገርከው› አሉኝ» አለ። «ግማሹን ባልነግር ኖሮ ማን ይሰማቸው ነበር? ገፋኋቸው... ገፋኋቸው እንጂ መች ልገድላቸው!»

ፖሊሶች ይዘውት ወጡ። መርማሪዋ ሥራ አስኪያጁን አስቆመችው።

«እንግዲህ ሰምተዋል። ፈረቃውን ይቀንሳሉ?»

«ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ፋብሪካው ሁሉ ተከትሎታል፤ እኔ ብቻዬን ቀንሼ ልክሰር?»

ባለቤቲቱ መድረክ ላይ ወጥተው የባላቸውን ቃል አንድ ሳያስቀሩ ተናገሩ። ሕዝቡ ተነሥቶ ሐዘኑን ገለጸላቸው። ከዚያ ከፊት ረድፍ አንዱ እጁን አወጣ፤ የተናጋሪው አዲስ መጽሐፍ መውጣቱ ይቀር እንደሆነ ጠየቀ።

መርማሪዋ ወደ ኮሪደሩ ወጥታ እህቷ ጋ ደወለች። ከስልኩ ውስጥ የስፌት መኪናው ጩኸት ይሰማል።

«እህቴ፣ ጥናቱ እኮ እንደዚያ አይልም። ከወር በኋላ ሰው ይጎዳል ነው የሚለው።»

«እሱን ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ?» አለች ልጅቱ። «ለአለቃዬ ንገሪው።»

«ነግሬዋለሁ» አለች መርማሪዋ።