ጥንዚዛውን የሸፈነ እጅ

ዘበኛው እንዳሉት ከሆነ፣ ተመራማሪዋ ዶክተር ከፕሮፌሰሩ የነፍሳት ጥናት ክፍል የወጣችው ከጭቅጭቅ በኋላ ነው፤ ብዙም ሳይቆዩ እሳቸው ሲገቡ ፕሮፌሰሩን ወድቀው፣ ሞተው አገኟቸው። ዶክተሯ እንዳለችው ከሆነ ደግሞ ጭቅጭቅ የሚባል ነገር አልሰማችም፤ ስትወጣ ፕሮፌሰሩ ደህና ነበሩ፣ የሚያጠኑትን የደረቀ ጥንዚዛም ከመሳቢያው ገና አላወጡትም ነበር፤ በሩ ላይ የቀሩት ዘበኛው ብቻ ናቸው።

ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል። ፖሊስ ጣቢያው ወደ ዘበኛው አዘንብሏል፤ የክፍሉ ቁልፍ በእሳቸው እጅ ነው፤ በቅርቡም ፕሮፌሰሩ በሰው ፊት ሰድበዋቸዋል። ሌላ ነገር ካልተገኘ ማታ የሚያድሩት እስር ቤት ነው።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «እንቅልፌ» ይሏታል፤ የዓይኗ ቆብ ሁልጊዜ ግማሽ ድረስ ስለሚወርድ። ያን ቀን ግን የምር ደክሟት ነበር። ሬሳው ተነስቷል። የብረት ቁም ሣጥኑ ጠርዝ ላይ ደም አለ፤ ወለሉ ላይ አሮጌ ካፖርት፤ ጠረጴዛው ላይ ማይክሮስኮፕና ክዳኑ የተገጠመ ትንሽ የብርጭቆ ሳህን። ሳህኑ ውስጥ፣ ጥቂት ውሃ ላይ፣ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ ጥንዚዛ ተኝቷል። የክንፉ ልባስ አጥሮ ሆዱ ውጭ በመቅረቱ የታናሽ ወንድሙን ኮት የለበሰ ይመስላል።

«ካፖርቱ የማን ነው?»

«የእኔ ነው፣ ልጄ» አሉ ዘበኛው። «ሰው ወድቆ ፊቱን ሳልሸፍን እንዴት ልውጣ? ቢሰድቡኝም ሰው ናቸው።»

«ሳህኑንስ የከደኑት እርስዎ ነዎት?»

«የቱን ሳህን?»

የሟች ባለቤት ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ ወደዚህ ክፍል ገብተው ያውቃሉ?»

«አንዴ ገብቼ ሳህን አጠብኩለት። ወር ሙሉ አኮረፈኝ። ለካ ውስጡ የጉንዳን አማት ነበረች!» ሊስቁ ጀምረው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ዶክተሯ መስኮቱ ጋ ቆማለች።

«ይህ ጥንዚዛ ምኑ ነው እንዲህ የከበረው?»

«አዲስ ዝርያ ነው። በሰው እጅ ያለው ይህ አንዱ ብቻ ነው። ወደፊት ሌላ ቢገኝ ከእሱ ጋር እየተያየ ነው የሚለየው።»

«ማን አገኘው?»

«እኔ። ስንት ክረምት የበሰበሰ ቅጠል ላይ ተንበርክኬ።»

«ስም የሚያወጣለትስ?»

«እሳቸው፤ ፕሮፌሰሩ።»

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ ሦስቱንም ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ማራገቢያውን ወደ ጠረጴዛው አዙራ ከፈተች፤ የሳህኑን ክዳን አንስታ አጠገቡ አስቀመጠች፤ ከዚያ ቀስ ብላ፣ እንደሚያንቀላፋ ሰው መናገር ጀመረች።

«ፕሮፌሰሩ ሲገኙ የጥንዚዛውን እግር የሚዘረጉበት መርፌ በእጃቸው ነበር። ስለዚህ የወደቁት ሥራ ላይ እያሉ ነው፤ ደረቁ ጥንዚዛ እንዲለሰልስ ውሃው ላይ እየራሰ፣ ሳህኑ ክፍት ሆኖ። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ተነስቶ ሳህን ከድኖ ተመልሶ አይተኛም። ጋሼ ሲገቡ ያዩት ሰውየውን ነው፤ ሰውየውን ሸፈኑ። እትዬ ቢገቡ ኖሮ ያጥቡት ነበር።»

«እንዴታ!» አሉ የሟች ባለቤት።

«ታዲያ ሰውየውን ትቶ ጥንዚዛውን የሸፈነው ማን ነው? ውሃው ከደረቀ እግሩ እንደሚሰባበር የሚያውቅ ሰው ነው። አስቦም አይደለም። አእምሮው ደንግጦ ሲሸሽ እጁ የለመደውን...»

ንግግሯን አቋረጠች። የዶክተሯ እጅ ክዳኑን አንስቶ ሳህኑ ላይ እየገጠመው ነበር። ዶክተሯ ራሷ እጇን ያየችው ሁሉም ካዩት በኋላ ነው።



«ገፋኋቸው» አለች ዶክተሯ፣ እጇ ክዳኑ ላይ እንዳለ ወንበር ላይ እየተቀመጠች። «'አንቺ ለቃሚ ነሽ፤ ስም ማውጣት የእኔ ሥራ ነው' አሉኝ። መግፋት ብቻ ነው የገፋኋቸው።»

«ይተነፍስ ነበር?» አሉ የሟች ባለቤት።

«አላየሁም።»

«ጥንዚዛውን ግን አየሽው።»

መርማሪዋ ወደ ዘበኛው ዞረች።

«ጋሼ፣ ወደ ቤትዎ ይሂዱ። ካፖርቱን በኋላ እንመልስልዎታለን።»

«ይቆይ ግድ የለም» አሉ ዘበኛው። ግን ከበሩ አልራቁም፤ ዶክተሯን እያዩ ቆሙ።

ዶክተሯ እጇን ከክዳኑ ላይ አነሳች።

«ውሃው እንዳይደርቅ አደራ» አለች። «ጥንዚዛውን ለሳይንሱ ዓለም ሌላ ሰው ጽፎ ያስተዋውቀው፤ እኔ ስም አላወጣለትም። እንሂድና ቃሌን ልስጥ።»