የታጠበው ሰላጣ

«ቀጮ፣ ነይ እዪ! ኧረ ነይ እዪልኝ!»

ፌንጣ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ሳታነሳ ጓደኛዋን በክርኗ ጎሸመቻት። ፌንጣ ያሏት አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማትችል ነው፤ አሁን ግን ወንበሩ ላይ የተቸነከረች መስላለች። ቀጮ ተጠግታ አየች። በብርሃኑ መካከል አንዲት ቡናማ፣ ሞላላ ነገር ተኝታለች፤ ጠርዟ ጎርባጣ ነው። ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ሥዕል ጋር አስተያየቻት። የወስፋት እንቁላል ናት።

የባዮሎጂ መምህርቷ ተማሪዎቹን ጥሬ የሚበላ አትክልት በውሃ አለቅልቀው፣ ውሃውን አዝቅጠው፣ ከዝቃጩ እንዲያመጡ አዘዋቸው ነበር። ሁለቱ ጓደኛሞች ሩቅ አልሄዱም። ከትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት፣ ታጥቦ ለምሳ ከቀረበው ሰላጣ ጥቂት ቅጠል ወሰዱ። የወጥ ቤቱ ኃላፊ የቀጮ እናት ስለሆነች «ምን ፈለጋችሁ?» ያላቸው የለም።

መምህርቷ መጥተው ጎንበስ ብለው አዩ። ፊታቸው ጠቆረ።

«ይሄ ከየት የመጣ ነው?»

ቀጮ ደንግጣ ወደ ፌንጣ ዞረች።

«ከገበያ!» አለች ፌንጣ ቀድማ። «ያልታጠበ ነው፣ ቲቸር።»

«እንዲያ ከሆነ እሺ።» መምህርቷ ወደ ክፍሉ ዞሩ። «አያችሁ አይደል? ጥሬ የሚበላ ነገር በሚፈስ ውሃ፣ ቅጠል በቅጠል እየታሸ ይታጠባል። ይህ ካልተቻለ ይቀቀላል። በዓይን ንጹህ ስለመሰለ ብቻ አትመኑት።»

ደወሉ እንደተደወለ ፌንጣ ቀጮን ወደ ጥግ ሳበቻት።

«ምን ሆነሽ ነው እንደዚህ የደነገጥሽው? እናትሽን ከሥራ ላስባርራት ወይ? ነገሩን ላሽ በይው፤ ማንም አይነቃም።»

ምሳ ሰዓት ላይ ቀጮ ሰላጣዋን ወደ ሳህኗ ዳር ገፋችው። ከጎኗ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ አንዲት የአንደኛ ክፍል ልጅ ተቀምጣለች፤ የራሷን ሳህን ጥርግ አድርጋ በልታ ጣቷን ትልሳለች።

«ካልበላሽው ልውሰደው?» አለች ሕፃኗ።

«አይሆንም።»

«ለምን? አልጠገብኩም እኮ።»

ቀጮ ሳህኗን ወደ ራሷ ሳበች። ሰላጣውን በመሐረብ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሕፃኗ «ስስታም!» ብላ ፊቷን አዞረችባት።

ከትምህርት በኋላ ወደ ወጥ ቤቱ ጀርባ ሄደች። እናቷ እጅጌዋን ሰብስባ የነገውን ሰላጣ ታጥባለች። አንድ ሰፊ ሳፋ፣ አንድ ውሃ። ጭቃ የያዘው ቅጠል የገባበት ውሃ ውስጥ ካሮቱም ይገባል፣ ቲማቲሙም ይገባል። ውሃው ደፍርሶ አፈር መስሏል።

«እማዬ፣ ሰላጣው ላይ የወስፋት እንቁላል አየን። ከታጠበው ላይ።»

የእናቷ እጅ ውሃው ውስጥ ቀረ።

«የልጆቹን ምግብ አቆሽሻለሁ ነው የምትይኝ?»

«እንደዚያ አላልኩም…»

«ቧንቧው ከደረቀ ወዲህ ውሃ በበርሜል ነው የሚመጣልኝ። እሱኑ ለማብሰያ፣ እሱኑ ለማጠቢያ። አስተዳዳሪውን ስንቴ ለመንኩት! ‹እንደምንም ቻይው› ነው መልሱ።»

«እሱን እንናገራ!»

«ሲነገር ማን ይጠየቃል? ቧንቧው? ‹ወጥ ቤቷ ቆሻሻ ናት› ብለው ያባርሩኛል። በገዛ ልጄ ጉሮሮዬ ይዘጋ?»

አጠገባቸው የነበረችው የእናቷ ረዳት ሰምታ እንዳልሰማች ድስቷን መፈተግ ቀጠለች።

ያን ምሽት እራት ቀርቦ እናቷ ጥቂት ነካካችና ተነሳች። ከዚያ እጆቿን በሳሙና ስትታጠብ፣ ስታለቀልቅ፣ እንደገና ስትታጠብ ቀጮ ከበሩ አጠገብ ሆና አየቻት። ልታቅፋት ፈልጋ አልደፈረችም።

ጠዋት አብረው ወጡ። ወጥ ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ቀጮ ቆመች።

«እማዬ፣ ዝም ማለት አልቻልኩም። አንዲት ትንሽ ልጅ ትናንት የእኔን ሰላጣ ስጪኝ ብላኝ ነበር።»

እናቷ ዞር ብላ አየቻት። ተቆጥታ ነው ወይስ ፈርታ፣ ቀጮ መለየት አልቻለችም። ከዚያ አንገቷን ወደ ውስጥ አስግጋ ረዳቷን ጠራች።

«ሰላጣው ይቅር ዛሬ! ካሮቱን ቀቅይው።»

«እትዬ፣ አስተዳዳሪው ቢጠይቁንስ?»

«እኔን ይጠይቁኝ።» ወደ ልጇ ዞረች። «ሂጂ ንገሪ። እኔ የትም አልሄድም፤ ሲመጡ እዚሁ ያገኙኛል።»

ፌንጣ ቤተ ሙከራው ደጃፍ ላይ ስታገኛት ነገሩ ገባት።

«ልትናገሪ ነው? እኔንስ ውሸታም ልታስብዪኝ?»

«ለእኔ ብለሽ ነው የዋሸሽው፤ አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ አብረሽኝ ግቢ።»

ፌንጣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። ከዚያ ተከተለቻት።

መምህርቷ ደብተር ያርሙ ነበር። ቀና ብለው ሁለቱን ተራ በተራ አዩ።

«ቲቸር፣ የትናንቱ ሰላጣ ከገበያ አልነበረም» አለች ቀጮ። «ከትምህርት ቤታችን ወጥ ቤት ነው። ታጥቦ ነበር።»

መምህርቷ እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ። «ማን ነው ያጠበው?»

«እናቴ ናት» አለች ቀጮ። «ግን ውሃ የላትም።»