ግማሽ ሹሩባ

ናኦሚ ጆንያውን ከዝናቡ ወደ ሰርቪሱ በረንዳ ጎትታ ስታገላብጠው፣ አንዲት ቀይ ዶሮ አፍጥጣ አየቻት። ከዶሮዋ ሥር በትልልቅ ፊደል «የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ፣ ፔሌት» ይላል።

«ነህምያ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ምንድን ነው ያመጣኸው?»

ታላቅ ወንድሟ ጃኬቱን እያራገፈ መጣ። ዶሮዋን አያት።

«ፔሌት አልሽኝ፣ ፔሌት አመጣሁ።»

«የእንጨት ፔሌት ነው ያልኩህ። የተጠቀጠቀ ሰጋቱራ።»

«አብዱልናስር ሱቅ ደወልኩ፤ ፔሌት አለ ወይ ስለው ሞልቷል አለኝ። ቀጥሎ ስንት ዶሮ አለህ ብሎ ጠየቀኝ። ሙድ የያዘብኝ መስሎኝ ዝም ብዬ ሳቅኩለት።»

ሌላ ቀን ቢሆን ናኦሚ ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር። ዛሬ ግን የእናቷ ታላቅ እህት፣ እትዬ ሙሉአለም፣ ከድሬዳዋ እየመጡ ነው። በስልክ የተናገሩት አጭር ነበር፦ «ቤቱ የሚሞቅ ከሆነ እህቴ ትቆይ። ካልሆነ እስኪሻላት ይዣት እሄዳለሁ።» እስኪሻላት ማለት መቼ እንደሆነ ለናኦሚ የነገራት ሰው የለም።

እናቷ ፀጋ የመገጣጠሚያ ሕመም አለባት። ሳሊተ ምሕረት ያለው ቤታቸው ደግሞ ክረምት ሲገባ ግድግዳው ራሱ ብርድ የሚተፋ ይመስላል። ሐምሌ ላይ የእናቷ ጣቶች ይታጠፉና አይዘረጉም፤ ማንኪያ መያዝ፣ ቁልፍ መቆለፍ ያቅታታል። አምና በከሰል ለማሞቅ ሞክረው ራሷን ስታ ተሸክመው አወጧት። የኤሌክትሪክ ማሞቂያው ቆጣሪውን እየጣለ አስቸገረ። በመጨረሻ መላውን ያገኘችው ናኦሚ ናት። ቁም ሳጥን የሚያክል የብረት ቦይለር፣ ሰጋቱራ ፔሌቱን ራሱ እየቆነጠረ አንድዶ ውኃ ያሞቃል፤ የሞቀው ውኃ በቱቦ እየዞረ ክፍሎቹን ያሞቃል። በስልኳ ለአባቷ ስታሳየው መጀመሪያ ሳቀ። እሷ ግን እራት ላይ፣ ቁርስ ላይ፣ መኪና ውስጥ ሳይቀር ነዘነዘችው። ለመስክ ሥራ አሶሳ ከመሄዱ በፊት፣ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ቤታቸውን ለቀው ከሚሄዱ የውጭ አገር ሰዎች ቦይለሩን ገዝቶ መጣ።

ጋሽ ወንድወሰን የሚባሉ ባለሙያ ቦይለሩን ከእናቷ መኝታ ቤት ጀርባ፣ ግድግዳ በሚጋራው ሰርቪስ ውስጥ ተከሉት። የጭስ ማውጫውን ከቆርቆሮው በላይ አወጡ። ግድግዳውን ሰርስረው ቱቦ አሳለፉና ራዲያተር ሰቀሉ።

«ራዲያተር ከተገጠመለት አይቀር መሪም ይገጠምለት» ብሎ ነበር ነህምያ።

ጋሽ ወንድወሰን ከመሄዳቸው በፊት ናኦሚን ጠርተው ሁለት ነገር ነገሯት። አንዱ፣ ቦይለሩ አፈ መራጭ ስለሆነ ከእንጨት ፔሌት በቀር ምንም እንዳይሰጠው። ሁለተኛው፣ ከእናቷ አልጋ ትይዩ ስለሰቀሏት ትንሽ ነጭ ዕቃ ነው። «ጭስ ሳይታይ፣ ሽታም ሳይኖረው የሚገድል ጋዝ አለ፤ የአምናውን ከሰል አስቢ። ይቺ እሱን ትለካለች። ከዜሮ ካለፈች አጥፉና መስኮት ክፈቱ። እስክትጮህ አትጠብቁ።»

አንድ ሳምንት ቤቱ ሞቀ። ከዚያ ፔሌቱ አለቀ። ቦሌ ቡልቡላ ያለው አምራች ማሽኑ ተበላሽቶ ዘግቷል። እናቷ እንደገና ጣቶቿን ጋቢ ውስጥ ደበቀች።

«በቆሎ እኮ ነው» አለ ነህምያ ጆንያውን በእግሩ ነካ አድርጎ። «በቆሎ አይነድም እንዴ? እትዬ ገብተው አይተው እስኪወጡ ብቻ። ከዚያ ትክክለኛውን እንፈልጋለን።»

ናኦሚ ወጥ ቤት ገብታ ቢላዋ ይዛ ተመለሰችና የጆንያውን አፍ ራሷ ቀደደችው።

ነደደ። ግቢው ቆሎ ቆሎ ሸተተ።

«አሁን ጎረቤት ቁና ይዞ ይመጣል» አለ ነህምያ። ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ግን አልቆየም።

ራዲያተሩ ቀስ በቀስ ሞቀ። እናቷ እጆቿን ከጋቢው አውጥታ አስጠጋቻቸው።

«እሰይ፣ ጌታ ይመስገን። ከየት አገኛችሁ?»

«ነህምያ ነው ፔሌት ያመጣው» አለች ናኦሚ። ውሸት አልነበረም። ፊቷን ግን አዞረች።

እናቷ ጣቶቿን አንድ በአንድ ዘረጋቻቸው። አየቻቸው። ፈገግ አለች።

«ማበጠሪያ አምጪ። ይሄ ጎፈሬ እህቴን ያስደነግጣታል።»

ናኦሚ ጀርባዋን ለእናቷ ሰጥታ ከአልጋው ሥር ተቀመጠች። የእናቷ እጅ ጸጉሯን ከነካው ወራት አልፈዋል። ጣቶቿ ሹሩባው ላይ አልፎ አልፎ ይሳሳታሉ፤ እየተመለሱ ግን ይይዛሉ። እናቷ የመዝሙር ዜማ ታንጎራጉር ጀመር።

ናኦሚ ዓይኗን ስታነሳ ነጯ ዕቃ ፊት ለፊቷ ናት። ዜሮው የለም።

አሥር ሆነ። ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው ከሃያ አልፏል። እናቷ ወደ ጸጉሯ ስላጎነበሰች አታየውም። ከናኦሚ በቀር ማንም አላየውም።

ስልኩ ጠራ። እትዬ ሙሉአለም ነበሩ። ሳሊተ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ጋ ደርሰዋል።

ደርሰዋል። እዚህ ቁጭ ብትል፣ እትዬ ገብተው የሞቀውን ክፍል፣ የእህታቸውን እጅ፣ የተሠራውን ጸጉር ያያሉ። ለነገሩ ዕቃዋ ገና አልጮኸችም።

«ራሴን ያዝ አደረገኝ» አለች እናቷ። «ሙቀት ስላልለመድኩ ነው፣ ይለቀኛል።»

አምና ከሰሉ የተቀመጠ ቀንም እናቷ እንዲሁ ነበር ያለችው፤ ይለቀኛል።

ተነሳች።

«ወዴት ነው? ጫፉን ሳላስረው ይፈታል እኮ።»

«ይፈታ እማዬ። ነይ፣ በረንዳ እንውጣ።»

መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ብርዱ ከዝናቡ ጋር ዘው አለ። እናቷን ደግፋ አወጣቻት፤ በጋቢ ሸፍና ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። ከዚያ ወደ ሰርቪሱ ሮጣ ማጥፊያውን ተጫነች።

«አብደሻል?» አለ ነህምያ። «በር ላይ ሲደርሱ?»

«ከዜሮ አልፏል።»

ነህምያ ትንፋሹን ይዞ የሰርቪሱን በር እስከ መጨረሻው በረገደው። በቦይለሩ መስታወት በኩል እሳቱ መንደጃው ላይ ጥቁር ቅርፊት ተጋግሮ ይታያል።

እትዬ ሙሉአለም ሲደርሱ ክፍሉ አየር ጠጥቶ ዕቃዋ ወደ ዜሮ ተመልሳለች። እህታቸውን አቅፈው ሳሙ፤ ገብተው ራዲያተሩን በመዳፋቸው ነኩ።

«ለብ ብሏል። ይሠራል ማለት ነው?»

ነህምያ ናኦሚን አያት። እናቷም ከበረንዳው አየቻት።

«የእንጨቱን ስላጣን የዶሮ መኖ ነው ያነደድነው» አለች ናኦሚ። «ጋዝ አወጣ፤ በቱቦው ቀዳዳ ወደ ክፍሉ ገባ። አሁን ማሞቂያ የለንም፣ እትዬ።»

ማንም አልተቆጣትም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር። እትዬ ሙሉአለም ግማሹ የተሠራ ግማሹ የተበተነ ጸጉሯን አዩ።

ናኦሚ ወንበር ላይ ወጥታ ከቁም ሳጥኑ አናት ሻንጣውን አወረደች። አቧራውን በእጇ ጠረገች። የእናቷን ስስ ቀሚሶች፣ ለቆላ የሚሆኑትን፣ እየመረጠች አጣጠፈች። ማበጠሪያውን መጨረሻ ላይ አነሳችው፤ ለጊዜው በእጇ ያዘችው። ከዚያ በቀላሉ እንዲገኝ ከልብሶቹ ሁሉ በላይ አስቀመጠችው።